ሦስተኛው ክዳን

አባቴ የሚነዳው መኪና እኔ ከተሳፈርኩበት ይቆም ነበር። እኔ ከሌለሁ አይቆምም። ይህን ያስተዋልኩት እኔ አይደለሁም፤ ከመኪናው ኋላ ከበግና ከገብስ ጆንያ ጋር ተጣብበው የሚሄዱት የብልባላ ሰዎች ናቸው።

ጊዜው ዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ዕድሜዬ ዘጠኝ። አባቴ ከፋለ የአቶ አድማሴን ላንድክሩዘር ፒካፕ ከላሊበላ ብልባላ እያመላለሰ ይነዳ ነበር። ትምህርት ስለሌለኝ በወር ሁለት ቅዳሜ ይወስደኛል፤ ጋቢና ውስጥ በእሱና በሌላ ተሳፋሪ መሀል እቀመጣለሁ። የይምርሐነ ክርስቶስን መገንጠያ እንዳለፍን አንድ ኩርባ አለ፤ ከበላዩ ጽድ፣ ከበታቹ ጅረት። እዚያ ስንደርስ ሞተሩ ሳይንተፋተፍ፣ ሳያስጠነቅቅ፣ በአንዴ ጸጥ ይላል። አባቴ መኪናውን ወደ ዳር አንከባሎ ያስጠጋና ይወርዳል። ኮፈኑን ይከፍታል። ከዚያ ወደ ጅረቱ ዞሮ፣ “ውሃ ያለው ሰው የለም?” ብሎ ይጣራል። ተሳፋሪዎቹም ወርደው ፊታቸውን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን አዙረው ያማትባሉ። “ጻድቁ ሳይሳለም አያሳልፈውም” ይባባላሉ።

ውሃውን የምታመጣው ሁልጊዜ አንዲት ሴት ነበረች። ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከጅረቱ ትወጣና አሥር እርምጃ ያህል ሲቀራት መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ትመለሳለች። አባቴ ሄዶ ያነሳል። “እግዜር ይስጥልኝ” ይላታል። “አብሮ ይስጠን” ትለዋለች። ሌላ ቃል አይለዋወጡም። ወገቧ ላይ ብዙ ጨርቅ ስለምትጠመጥም ሰውነቷ ከመሀል ያበጠ ይመስል ነበር። ነፋሱ ከእሷ ወደ እኛ ሲነፍስ ቦታ ትቀይራለች። እኔን ግን ታየኛለች። ዓይኗን ሳትነቅል፣ ሳትስቅ፣ ሳታፍር ታየኛለች።

አክስቴ ባንቺዓለም፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ እኔን ስትወልድ እንደ ሞተች የነገረችኝም እሷ ናት። እንዲህ አፍጥጦ የሚያይ ሰው ዓይኑ እንደሚበላ አስተምራኛለች። ስለዚህ ሴትዮዋ ስትመጣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እጎትታለሁ። አንድ ቀን ከጀሪካኑ አጠገብ በትንሽ ሙዳይ የገብስ ቆሎ አስቀምጣልኝ ነበር። አባቴ አምጥቶ እጄ ላይ ሰጠኝ። ኩርባውን እንዳለፍን በመስኮቱ አሻግሬ ከነሙዳዩ ገደል ጨመርኩት። አባቴ አየኝ፤ አልተቆጣኝም። መንጋጋው ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። መኪናው በመቆሙ የተናደደ መሰለኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቴን ሸፍኜባታለሁ። ዛሬ ወልድያ ጋራዥ ውስጥ ሽቦ እየፈታሁ ሳለ ድንገት ትዝ ሲለኝ እጄ ላይ ያለው ካቻቢቴ ይወድቃል።

የዚያን ዓመት ጥቅምት ላይ ነገሩ ከረረ። ሞተሩ እንደ ልማዱ ጸጥ ሲል ኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ “ባለፈው ልጅቷ አልነበረችም፣ አልቆመም። ዛሬ አለች፣ ቆመ። ገፊ ናት እኮ፤ እናቷን ገፍታለች” ስትል ሰማሁ። ገፊ ማለት ሲወለድ ወላጁን የሚያሳጣ፣ በሄደበት የሚያበላሽ ልጅ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወሬው አቶ አድማሴ ጋ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ቤታችን ድረስ መጥተው በር ላይ ቆመው፣ “ከፋለ፣ ወይ ልጅቷ ትቅር፣ ወይ መኪናው ሌላ ሾፌር ይፈልግ” አሉት። አባቴ ለቅዳሜ አንድ ጊዜ ብቻ ፍቀዱልኝ ብሎ ለመናቸው። ለምን እንደለመነ ጨርሶ አልገባኝም።

ሐሙስ ዕለት እሱና አክስቴ ጓሮ ሲጨቃጨቁ አጥሩ ሥር ሆኜ አዳመጥኩ።

“መሐላ አለብህ” አለች አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “እሷ ራሷ አስምላህ፣ አንተ እየወሰድክ ታሳያታለህ።”

“እኔ አላሳየሁም። መኪናው ነው የሚቆመው።”

“እንዴት እንደሚቆምማ እኔም አውቃለሁ። ልጅቷ ብታውቅ ምን ትሆናለች ብለህ አስበሃል?”

“ቅዳሜ የመጨረሻዬ ነው እትዬ። ከዚያ በኋላ ራሷ ታርፋለች፣ እኔም አርፋለሁ።”

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ አክስቴ ያቺ ሴትዮ በዓይኗ እንዳትበላኝ ፈርታለች፣ አባቴ ደግሞ መኪናውን መጠገን አቅቶታል። መኪናው ካልቆመ ሴትዮዋ አታየኝም። መኪናው ካልቆመ ገፊ አይደለሁም። አባቴም ሥራውን አያጣም። ሁሉም መኪናው ላይ ተንጠለጠለ።

ዓርብ ከሰዓት አባቴ መኪናውን እንዳጥብ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ። ጭቃውን አጥቤ ስጨርስ ጋቢና ገባሁና መሪው ጀርባ ተቀመጥኩ። ከመሪው በስተግራ፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ አምስት ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበሩ። ሁለቱ ላያቸው ላይ ሥዕል አላቸው፤ አንዱ የመብራት፣ አንዱ የዝናብ መጥረጊያ። ሦስቱ ግን ምንም የላቸውም፤ ጥቁር ፕላስቲክ ብቻ ናቸው። አንድ ጊዜ ምን እንደሆኑ ጠይቄው፣ “ባዶ ናቸው። ፋብሪካው ሁሉንም መኪና አንድ ዓይነት ዳሽቦርድ ያደርግለታል። ገዢው ያልፈለገው ዕቃ ቦታው ክፍት እንዳይቀር ክዳን ይደረግበታል” ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። እኔም ዛሬ ደንበኞቼን የምነግራቸው ይህንኑ ነው። የነገረኝ ስለ ሁለቱ ብቻ መሆኑን ግን አላወቅኩም።

የመጀመሪያውን ክዳን ተጫንኩት፤ አይነቃነቅም። ጠርዙ ላይ የብልባላ መንገድ ቀይ አቧራ ደርቆበታል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ጠርዝ ላይ አቧራ አልነበረም። ፊቱም ብዙ ጣት እንደነካው ነገር ያብረቀርቃል። ስጫነው ወደ ውስጥ ገባ፤ ስለቀው ተመለሰ።

ከአክስቴ የስፌት ዕቃ ወስፌ አምጥቼ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ፈነቀልኳቸው። ከመጀመሪያው ጀርባ ጨለማ ብቻ። ከሁለተኛው ጀርባ ጨለማና የሸረሪት ድር። ከሦስተኛው ጀርባ ግን ከክዳኑ ጋር የተጣበቀች ትንሽ ቁልፍ ተስባ ወጣች፤ ከጀርባዋ ሁለት ሽቦዎች በናስትሮ፣ በጥቁሩ የሽቦ ማጣበቂያ፣ ተጠቅልለው ወደ ሞተሩ በኩል ገብተዋል። ሽቦዎቹ ከሌሎቹ ሽቦዎች ጋር አይመሳሰሉም። አዲስ ናቸው። አንዱ የቤት መብራት ሽቦ ነበር፤ የቤታችን ጣሪያ ሥር ካለው ጋር አንድ።

በሽታው ይሄ ነው አልኩ ለራሴ። ባዶ መሆን በሚገባው ቦታ ሽቦ ተደብቆ፣ ቁልፏ በመንገጫገጭ እየተጫነች ታላቅቀዋለች፤ ያኔ መኪናው ይቆማል። አባቴ ሬዲዮ ሲጠግን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሽቦዎቹን ከቁልፏ ነቅዬ፣ ጫፋቸውን በጥርሴ ልጬ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ጠምዝዤ፣ በናስትሮ አሰርኳቸው። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። 

የሠራሁትን አሁን በባለሙያ ዓይን ሳየው ስህተት የለበትም። ያ ሞተር ናፍጣ የሚያሳልፍለት በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር አለው፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ በሩ ይዘጋል፣ ሞተሩ ይጠፋል። አባቴ በሩ ላይ የሚሄደውን ሽቦ ቆርጦ በዚያች ቁልፍ በኩል አሳልፎታል። እኔ ደግሞ ቁልፏን ከመሀል አወጣኋት። በዘጠኝ ዓመቴ የጠገንኩት የመጀመሪያ መኪና ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ጎን በመስኮቱ በኩል ሲስተር ጀውሀራ ተሳፈረች። የደሴ ልጅ ናት፤ ላሊበላ ጤና ጣቢያ ከተመደበች ገና ሁለት ወሯ ነበር። የክትባት ሳጥኗን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ብልባላ ልትወርድ ነው። ኋላ ሦስት ገበሬዎች ነበሩ። አባቴ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። እኔንም አክስቴ ጸጉሬን እንድትሠራኝ ያዘዘው እሱ ነበር። 

መገንጠያውን አለፍን። ኩርባው ታየ። ሴትዮዋ ከጽዱ ሥር ጀሪካኗን ይዛ ቆማ ነበር፤ ያለ ጥሪ መንገድ ዳር ወጥታ ስትጠብቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። የአባቴ ግራ እጅ ከመሪው ወረደ። ሌባ ጣቱ ሦስተኛውን ክዳን ተጫነ።

ሞተሩ አልጠፋም።

ደግሞ ተጫነ። ሦስተኛ ጊዜ በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ፕላስቲኩ ሲንቋቋ ሰማሁ። መኪናው እየጮኸ ሽቅብ ኩርባውን ወጣ። ሴትዮዋ በመስኮቱ በኩል አለፈች። አንድ እርምጃ ወደፊት ስትራመድ፣ አፏ ሲከፈት አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አልሸፈንኩም፤ ስላሸነፍኳት እጄን አውለበለብኩላት።

“አባዬ፣ አልቆመም። እኔ ነኝ የሠራሁት” አልኩ።

“ምኑን?”

“እዚያ ውስጥ ያለውን ሽቦ። ተላቆ ነበር፤ አሰርኩት። ሁለተኛ አይቆምም።”

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከንፈሩ እንደ አመድ ሆነ። ከዚያ የጎን መስታወቱን አየ። እኔም ተንጠራርቼ አየሁ። ሴትዮዋ ጀሪካኗን ጥላ እየሮጠች ነበር። ወገቧ ላይ የጠመጠመችው ጨርቅ እየተፈታ ከኋላዋ ይጎተታል። ወደቀች። ተነሳች። ደግሞ ሮጠች።

አባቴ ፍሬን ያዘ። ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን። ሞተሩን በቁልፉ አጠፋና ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ።

ሴትዮዋ ደርሳ የእሱን መስኮት ጨበጠች። እንደዚያ ስትቀርበን የመጀመሪያዋ ነው። የሽንት ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ርሷል። እኔን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው።

“ከፋለ፣ ምን በደልኩ?” አለችው ትንፋሿ እየተቆራረጠ። “ጻድቁ ለምን ከለከለኝ? አንድም ቀን አስቀርቶብኝ አያውቅም። ዛሬ ፊቱን ለምን አዞረብኝ?”

ስሙን ማወቋ አስደነገጠኝ። ሲስተር ጀውሀራ ወደ አባቴ አዘነበለችና ቀስ ብላ፣ “ማን ናት?” አለችው።

“እናቷ ናት” አለ አባቴ፣ ግንባሩን ከመሪው ሳያነሳ።

“የማን እናት?” አልኩ እኔ።

 ጋቢናው ውስጥ ሌላ ልጅ ያለ ይመስል ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩ። ከዚያ ሴትዮዋን አየኋት። ከቅርብ ሲያዩት አገጯ መሀል ላይ ስንጥቅ ነበረው፤ እንደ እኔ።  ሞታለች ያሉኝ ሰው በመስኮት በኩል ስትተነፍስ እሰማ ነበር።

አባቴ ግንባሩን ከመሪው አነሳ። “ጻድቁ አይደለም፣ ይማርሽ” አላት በስሟ ጠርቶ። “ሽቦ ነው። እኔ ነኝ የማቆመው፤ እዚህ ጋ ተጭኜ። ልጄን አታምጣብኝ ብለሽ አስማልሽኝ። መኪና ተበላሽቶ ከቆመ ግን መሐላ አይፈርስም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ዛሬ ልጅቷ ሽቦውን አግኝታ አሰረችው።”

እናቴ መስኮቱን ለቀቀች። 

“በቆመ ቁጥር” አለች፣ “ስእለቴን ሰማኝ ብዬ በማግስቱ ውሃ ተሸክሜ እስከ ዋሻው እወጣ ነበር። ለተሳላሚው። በዚህ ሰውነቴ። ሦስት ዓመት።”

አባቴ አያውቅም ነበር።  እሷ ዞራ የተፈታውን ጨርቋን ከአቧራው ላይ እየሰበሰበች ቁልቁል ተመለሰች።

የወረደችው ሲስተር ጀውሀራ ናት። የክትባት ሳጥኑን እኔ ላይ አስቀምጣ ተከተለቻት፤ ኩርባው ጋ ደረሰችባት። ሁለቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ከሩቅ አየናቸው። ገበሬዎቹም አልቸኮሉም፤ አንዱ ቆቡን አውልቆ ይዞ ነበር። ነርሷ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፣ ግን ተናዳ ነው።

“ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?” አለችው አባቴን።

“ልጅቷን ከወለደች። ምጡ ሦስት ቀን ፈጀባት።”

“ዘጠኝ ዓመት ለማን ነገራችሁ?”

“ለንስሐ አባታችን። ጠበል ገባች። ሌላ ለማን ይነገራል? አፍራ ነበር። ልጄ በዚህ ሽታ ከምታውቀኝ ሞታለች በሏት አለች።”

“ይድናል” አለች ነርሷ።

“ምን?”

“ይድናል ነው የምልህ፣ ከፋለ። ፊስቱላ ይባላል። አዲስ አበባ ይሰፉታል። እንደሷ ያሉ ሴቶች ብቻ የሚተኙበት ሆስፒታል አለ።”

አባቴን ሲያለቅስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼው አላውቅም። መንገድ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ አዲሱን ሸሚዙን አፉ ውስጥ ጨምሮ፣ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። የዕድሜው ያህል የከበደውን ነገር አንዲት የሁለት ወር ነርስ በአንድ ቃል አወረደችለት፤ ደስታ አይመስልም ነበር፣ ከጀርባው የተመታ ሰው ነበር የሚመስለው። ይህ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። እንዲህ ካለ ምጥ ሕፃን በሕይወት መትረፉ ብርቅ መሆኑንም ያኔ ነው ከሲስተር ጀውሀራ የሰማሁት። ገፊ ሲሉኝ የኖሩት እኔ፣ ለካ ከስንት አንዷ ነበርኩ።

ነርሷ ብልባላ ደርሳ ክትባቷን ጨርሳ ማክሰኞ ስትመለስ እናቴን በአባቴ መኪና ይዛ መጣች። እናቴ ወንበሩን አበላሻለሁ ብላ ጋቢና አልገባም ብላ ነበር አሉ። ሲስተር ጀውሀራ የራሷን ነጠላ ወንበሩ ላይ አንጥፋ፣ አስቀምጣት፣ አጠገቧ ተጣብቃ ተቀመጠች። አባቴ ያን ቀን ላሊበላ ሳይቆም በቀጥታ ወደ ወልድያ ነዳ። አቶ አድማሴን አላስፈቀደም። መኪናውንም ያጣው በዚያ ነው።

እናቴ አዲስ አበባ ታክማ ሰባት ሳምንት ቆይታ በገና ሰሞን ተመለሰች። ከተማው በተሳላሚ ተጨናንቆ ነበር። በአውቶቡስ በሰው መሀል ተጣብቃ እንደመጣች፣ ማንም እንዳልሸሻት፣ አንዲት አሮጊት እንዲያውም ትከሻዋ ላይ እንዳንቀላፉባት ደጋግማ አወራች። ከአክስቴ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ። ለአባቴ ግን ሰላምታ ብቻ ሰጠችው። አጠገቡ እየበላች፣ ቤቱን እየጠረገች፣ ሦስት ወር አላነጋገረችውም። ነገሩን ስለደበቀባት አይደለም፤ በጻድቁ ስም ስላታለላት ነው። አንድ ቀን ግን ገብስ እያበጠረች ሳለ ድንገት፣ “የመጀመሪያውን ቀንስ? ያኔም ተጭነህ ነው?” አለችው።

“የመጀመሪያውን ቀን የእውነት ነው የተበላሸው” አላት። “ሽቦውን የዘረጋሁት ያን ቀን ልጅቷን ስታይ ፊትሽን ካየሁ በኋላ ነው።”

እናቴ ማበጠሯን ቀጠለች። ማታ ራት ስታቀርብለት በስሙ ጠራችው።

እኔ ጋ ነበር የከበደው። እማዬ ማለት አልቻልኩም። እንደ ጎረቤት ሴት እትዬ እላት ነበር፤ አላረመችኝም፣ እሷም በስሜ እንጂ ልጄ ብላ አልጠራችኝም። ሁለታችንም እንደተበደረ ልብስ ተጠንቅቀን ነበር የምንተያየው።

መጋቢት ላይ ሦስት ቀን ተከታትዬ አረፈድኩና ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አባቴ ሌላ መኪና ይዞ ሙጃ ወርዷል፤ አክስቴ አሟታል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተከትላኝ መጣች። መምህር ተክለ ሚካኤል ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

“እርስዎ የፋና ምኗ ነዎት?” አሏት።

እናቴ ወደ እኔ አየች። እንድትመልስ እየጠበቅኩ ነበር፤ አልመለሰችም። የምትጠብቀው እኔን መሆኑ ገባኝ።

“እናቴ ናት” አልኩ።

መምህሩ መዝገባቸውን ገለጡ። ጣታቸው በስሞቹ ላይ ወረደና ቆመ። “እዚህ ላይ በሕይወት የለችም ይላል” አሉ፣ ግራ ገብቷቸው።

“ሲጻፍ ልክ ነበር” አለች እናቴ። “አሁን ይሰርዙት።”

መምህሩ ስሟን ጠየቋት። ከዚያ ሰረዙት፤ ከላዩም ይማርሽ ብለው ጻፉ። ሲጨርሱ ልጅዎ ሦስት ቀን አርፍዳለች አሏት፣ ደከም ባለ ድምፅ።

 የግቢውን በር እንዳለፍን ጀመረች። ስለ ማርፈዴ፣ ስለ ደብተሬ ጠርዝ፣ እግሬን ሳልታጠብ ስለ መተኛቴ፣ ሳላይ ለካ ስታየኝ ስለ ኖረችው ሁሉ መንገዱን በሙሉ ተቆጣችኝ። ሰው እየዞረ ያየን ነበር። ቤት ስንደርስ አልጨረሰችም ነበርና ደጃፉ ላይ ቆመን፣ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።